የ13 ወር ፀሐይ እና የተሸፈነው ሕፃን

ለገጣፎ በዜና የምትነሳው በመሬት ጉዳይ ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም «ሕገ ወጥ» የተባሉ ቤቶች በዶዘር ሲፈርሱ አገር ሁሉ ስሟን ሰማ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ስትጠቃለል እንደገና መነጋገሪያ ሆነች። ስለ ካርታው፣ ስለ ካሳው፣ ስለ ሊዙና ስለ ወሰኑ ብዙ ተብሏል። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ተወልደው የመጀመሪያዎቹን ወራት ስለሚያሳልፉት ሕፃናት ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው።

አዲስ አበባን በከበቡት በእነዚህ ከተሞች ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የሚከራየው አብዛኛውን ጊዜ ሰርቪስ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ በረድፍ የተሠሩ ክፍሎች፣ ለሁሉም አንድ ደጅ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ። ክፍሉ መስኮት ካለው ወደ ጎረቤት ግድግዳ የዞረ ነው። አራስ ያለችበት ክፍል በሩ ገርበብ ብሎ መጋረጃ ይወርድበታል። ሕፃኑ በፎጣና በጋቢ ተጠቅልሎ ከእናቱ ጎን ይተኛል። ብርድ እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳያርፍበት፣ ፀሐይ እንዳያገኘው። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን እስኪሞላና ክርስትና እስኪነሱ ድረስ ደጅ ማውጣት ብዙ አያቶችን ያስቆጣል። በሙስሊሙም ቤት 40 ቀን የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ቆም ብሎ ማየት ይገባል። «ምች» በአማርኛ ፀሐይ የምታመጣው ሕመም ነው። ምግብ ስታበስል ቆይታ ወደ ፀሐይ የወጣች ሴት፣ ወይም ላብ ላይ ፀሐይ የመታው ሰው ከንፈሩ ሲቆስልና ሲያተኩሰው «ምች ነው» ይባላል፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይሰጠዋል። አራስ ሴት ደግሞ ከማንም በላይ ለምች የተጋለጠች ናት ተብላ ትጠበቃለች። ታዲያ ሐኪም ቤት ስንደርስ ሕፃናትን ከሚገድሉ በሽታዎች አንደኛ ረድፍ ላይ የሚቀመጠውን የሳንባ ኢንፌክሽን በምን ስም እንጠራዋለን? የሳንባ ምች። ስሙን የሰጡት ሰዎች ይህን አስበው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን የኢትዮጵያ የሕፃናት ሐኪሞች 60 ዓመት ሙሉ ደጋግመው የደረሱበት ነገር ከዚህ ስም ጋር ሲታይ ያስገርማል፤ ምችን ፈርቶ ከፀሐይ የተሸሸገው ልጅ ለሳንባ ምች የበለጠ ተጋልጦ ተገኝቷል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን ለዓለም የሚያስተዋውቁበት መፈክር አገኙ። በውጭ ቋንቋ «የ13 ወር ፀሐይ» ነበር፤ እኛ «የ13 ወር ጸጋ» አልነው። ከመፈክሮቻችን ሁሉ የዚህን ያህል የዘለቀ የለም። በዚያው ዘመን፣ በ1965፣ ገና ጥቂት ዓመት የሆነው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው አዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩ ስዊድናውያን ነበሩ። ርዕሱ «ሪኬትስ በኢትዮጵያ» ይላል። ሪኬትስ ማለት ፀሐይ ያጣ ሕፃን አጥንቱ ሳይጠነክር ቀርቶ እግሩ የሚጎብጥበት፣ ደረቱ የሚሰረጉድበት፣ እርግብግቢቱ በጊዜው የማይገጥምበት ሕመም ነው። ፖስተሩና መጽሔቱ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን ወጡ። አንዱ በየአየር መንገዱ ቢሮ ተሰቀለ፤ ሌላው በሐኪሞች መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ስዊድናውያኑ በሽታውን ለማወቅ አልተቸገሩም፤ የራሳቸው አህጉር ሕመም ነበርና። ሪኬትስን በጥንቃቄ ገልጸው የጻፉት በ17ኛው መቶ ዘመን ዳንኤል ዊስለርና ፍራንሲስ ግሊሰን የተባሉ እንግሊዛውያን ሐኪሞች ናቸው። በኢንዱስትሪ አብዮት ዘመን የድንጋይ ከሰል ጭስ በሸፈናቸው ከተሞች ጠባብ መንደሮች ውስጥ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። በ1822 ዬንጄ ሽኒያዴትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ሐኪም የዋርሶ ልጆች ሲታመሙ የገጠር ልጆች ለምን እንደማይታመሙ ጠይቆ መልሱን ወደ ፀሐይ ጠቆመ። ሰሚ አላገኘም። ቴዎባልድ ፓልም የተባለ ሚሲዮናዊ ሐኪም ደግሞ ጃፓን ሠርቶ ወደ ብሪታንያ ሲመለስ፣ በእስያ ድሆች ዘንድ ያላየውን በሽታ በአገሩ ከተሞች ሞልቶ አገኘው። በ1890 ባወጣው ጽሑፍ የበሽታውን ካርታ ከፀሐይ ካርታ ጋር አስተያየ። እሱንም የሰማው ጥቂት ነው።

ነገሩ የተቆረጠው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነበር። በ1919 በርሊን ውስጥ ኩርት ሁልድሺንስኪ የታመሙ ሕፃናትን በአልትራቫዮሌት መብራት ፈወሰ። የአንድ ክንድ ቆዳ ብቻ ብርሃን ሲያገኝ የሌላው ክንድ አጥንትም አብሮ እንደሚድን በራጅ አሳየ፤ ስለዚህ ቆዳ ላይ የሚሠራ፣ በደም የሚሄድ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በእንግሊዝ ኤድዋርድ ሜላንቢ ያንኑ ፈውስ ከዓሣ ጉበት ዘይት አገኘ። በ1922 አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም ያን ነገር ቫይታሚን ዲ ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመታት ሃሪየት ቺክ የተባለች እንግሊዛዊት በጦርነት በተጎዳችው ቪየና ሆስፒታል ውስጥ ፀሐይና የዓሣ ዘይት ያገኙት ሕፃናት ከሪኬትስ እንደሚድኑ አሳየች። ብዙ ሳይቆይ ወተት በቫይታሚን መበልጸግ ጀመረ፤ በሀብታሞቹ አገሮች ሪኬትስ የሐኪም መጽሐፍ ሥዕል ሆኖ ቀረ።

ታዲያ አዲስ አበባ ምን ሆና ነው? ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው። የጭስ ሰማይም አልነበራት። በ1970ዎቹ በዚህ ጥያቄ ላይ የሠሩት ሰዎች መልሱን ከሰማይ ላይ መፈለግ ትተው ወደ ቤት ውስጥ ተመለከቱ። ከእነርሱ አንዱ የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ምግብ ሊቅ የነበሩት ዶ/ር መሐሪ ገብረ መድኅን ናቸው። በ1975 ከባልደረባቸው ጋር ያወጡት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ «ሪኬትስ እና ለፀሐይ መጋለጥ» ይላል። በ1977 ደግሞ ከዩራን ስቴርኪ፣ ከቡ ቫልክቪስትና ከሌሎች ጋር ሪኬትስና የምግብ እጥረት በአንድ የኢትዮጵያ ሕፃን አካል ላይ ሲደራረቡ ምን እንደሚመስል ጻፉ።

መሐሪና ቫልክቪስት በዚያው በ1977 ሌላም ጽሑፍ አውጥተዋል፤ ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ። ምናልባት የዚህ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ከ1965 እስከ 1967 ዓ.ም የወሎ እልቂት አገርን ሲያናውጥ፣ መንግሥትም ሲወድቅ፣ ስለ ሕፃናት ሥነ ምግብ የሚያስብ ሰው ሁሉ ስለ እህል ማሰብ ግድ ሆነበት። ቀድሞ በኢትዮ-ስዊድን ትብብር የተፈጠረው ፋፋ በየቤቱ የታወቀውም የልጅ ረሃብ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለነበር ነው። ይህ ስህተት አልነበረም። ነገር ግን ረሃብ በካሜራ ይታያል፤ ጓዳ ውስጥ የተኛ፣ ጡት የሚጠባ፣ ወፈር ያለ ሕፃን አጥንቱ እየለሰለሰ መሆኑ አይታይም። ለፎቶ የማይመች ሕመም በጀትም አያገኝም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአጥንት ጉዳይ ነበር። ወደ ሳንባ ያሻገሩት ዶ/ር ሉሉ ሙሄ፣ ዶ/ር ስለሺ ሉልሰገድና ሁለት የውጭ ባልደረቦቻቸው ናቸው። በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የሳንባ ምች ይዟቸው የሚመጡ ሕፃናት ዘንድ የሪኬትስ ምልክት ደጋግመው ያዩ ነበር፤ የጎድን አጥንት ጫፎች እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው ሲያብጡ፣ ደረት ወደ ውስጥ ሲገባ። አጋጣሚ ነው ወይስ ግንኙነት አለው? ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ የሳንባ ምች ታማሚዎችን ሰበሰቡ፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ በሰኔ 1989 ዓ.ም በታዋቂው ላንሴት መጽሔት ወጣ።

ከ500 የሳንባ ምች ታማሚዎች 210ዎቹ ሪኬትስ ነበረባቸው። ከ500 ማነጻጸሪያ ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ። በሌላ አነጋገር ከመቶ 42 እና ከመቶ 4። ድህነት ሁለቱንም ያመጣ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ስለሚኖር፣ የቤተሰብ ብዛትን፣ የልጁን የልደት ተራ፣ የቤቱን መጨናነቅና ጡት ብቻ የጠባበትን ወራት በስሌት አስገብተው ልዩነቱን አጣሩ። ከዚያም በኋላ ሪኬትስ በታማሚዎቹ ላይ የመገኘት ዕድሉ 13 እጥፍ ገደማ ሆኖ ቀረ። በሕክምና ጥናት ሁለት እጥፍ ሲገኝ ጋዜጣ ይጽፋል። 13 እጥፍ ብርቅ ነው። ይህን ያህል ትልቅ ቁጥር ከአዲስ አበባ ወጥቶ፣ በታዋቂ የሕክምና መጽሔት ታትሞ፣ በየአገሩ ተመራማሪ እስከ ዛሬ ሲጠቀስ፣ በራሱ አገር ተራ አንባቢ ዘንድ አለመታወቁ ያሳዝናል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንደኛው መልስ የአናጺ መልስ ነው ማለት ይቻላል። ሕፃን ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ ቀጥ ብለው ሳንባውን መዘርጋት አለባቸው። አጥንቱ ለስላሳ ከሆነ ትንፋሽ በተሳበ ቁጥር ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጡንቻውም ስለሚዝል ሳሉ ደካማ ነው፤ አክታ አይወጣም። በተጨናነቀ ክፍል ከታላላቆቹ የተቀበለው ጉንፋን እዚያው ተኝቶ ወደ ሳንባ ምች ይለወጣል። ሁለተኛው መልስ የመጣው በኋላ ነው። በ2006 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ባክቴሪያ ሲያጋጥማቸው በቫይታሚን ዲ አማካይነት ተህዋስ ገዳይ ፕሮቲን እንደሚያመርቱ አሳዩ፤ ካተሊሲዲን ይባላል። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች ድሮ በሰገነት ላይ ፀሐይ ይሞቁ የነበረበት ልማድ ከ100 ዓመት በኋላ ማብራሪያ አገኘ።

ከሕፃኑ ወደ እናቱ እንሻገር፤ ነገሩ የሚጀምረው ከእርሷ ነውና። ጽንስ ቫይታሚን ዲ የሚያገኘው ከእናቱ ደም ብቻ ነው። ሲወለድ ያለው ስንቅ ከእናቱ ያነሰ ነው፤ እርሷ ባዶ ከሆነች እርሱም ባዶ ሆኖ ይወለዳል። ስንቁ ቢኖርም ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይዘልቅም። የእናት ጡት ወተት በቫይታሚን ዲ ድሃ ነው። ይህ ጡት ማጥባትን የሚነቅፍ ነገር አይደለም። ተፈጥሮ ያንን አንድ ነገር ለፀሐይ የተወችው ይመስላል።

የኢትዮጵያውያን እናቶች ስንቅ እንዴት ነው? በ1995 ወደ እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት እጥረቱ በብዛት መኖሩን፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንደሚብስ አሳየ። ይህ የስደት ችግር ነው ሊባል ይችል ነበር፤ አዲስ አገር፣ ፎቅ ቤት፣ ቀዝቃዛ ክረምት። በ1999 ግን ዶ/ር የወይንሐረግ ፈለቀና ባልደረቦቻቸው ነፍሰ ጡሮች የሚገኙባቸውን የአዲስ አበባ ሰዎች ደም ከኖርዌይ ሰዎች ደም ጋር አነጻጽረው፣ ፀሐይ በክረምት የማትታይባት አገር ሰዎች የተሻለ መጠን እንዳላቸው አገኙ። ኖርዌያዊው የዓሣ ዘይቱን ይጠጣል፣ ቅቤው ተበልጽጓል፣ በጋ ሲመጣ ልብሱን አውልቆ ሣር ላይ ይተኛል። የእኛ ሰው ፀሐይዋን እንደማታልቅ ሀብት ቆጥሮ ጥላ ይዞ ይሄዳል። ጠይም ቆዳም ያንኑ ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ነገሩ የከተማ ብቻ ነው ብሎ መደምደምም አይቻልም። በ2013 በሲዳማ ገጠር በሴቶች ላይ የወጣ ጥናት በዚያም ብዙዎቹ ከሚፈለገው መጠን በታች መሆናቸውን አመልክቷል።

በሌላ ዓለም ደግሞ ጥያቄው በእትብት ደም ተጠየቀ። በ2011 ኔዘርላንድስ ውስጥ 156 ሕፃናት ሲወለዱ የእትብታቸው ደም ተለካ። ዝቅተኛ ቫይታሚን ዲ ይዘው የተወለዱት በመጀመሪያ ዓመታቸው አርኤስቪ በተባለው ቫይረስ ሳንባቸው የመታመም ዕድሉ 6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጊዜ ብዙዎች «እንግዲያው መፍትሔው ተገኘ፤ ጠብታውን መስጠት ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩ አይታዘዝም። በካቡል፣ ልክ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ባለች፣ ድሃ በሆነች፣ ሕፃናትም በሚሸፈኑባት ከተማ፣ ከ3,000 በላይ ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየሦስት ወሩ 100,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ወሰዱ፤ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን ፈሳሽ። ከ18 ወር በኋላ፣ በ2012 ውጤቱ ሲወጣ፣ በሁለቱ ወገን የሳንባ ምች ልዩነት አልነበረም። በዳካ ባንግላዴሽ 1,300 ነፍሰ ጡሮች በተሳተፉበት ሙከራም ለእናቶቹ የተሰጠው ቫይታሚን የሕፃናቱን እድገት አላሻሻለም፤ ከዚያው ሙከራ የተከተለ ጥናትም የሕፃናቱ የመተንፈሻ ሕመም እንዳልቀነሰ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ በጅምላ እንዲሰጥ አይመክርም።

በኮሮና ጊዜ ቫይታሚን ዲ እንደ ጸበል ሲሸጥ ያየ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት። መልካም የሚመስል ሐሳብ ሁሉ በሙከራ አይጸናም። ቢሆንም ካቡል የሉሉ ሙሄን ጥናት አፈረሰው ማለት አይደለም። ጥያቄዎቹ ይለያያሉ። በካቡል የተጠየቀው ለሁሉም ሕፃን በየሦስት ወሩ ትልቅ መጠን መስጠት የሳንባ ምችን ይቀንሳል ወይ ነው። በአዲስ አበባ የታየው እጥረቱ ደረት እስኪያጎብጥ ድረስ የሄደበት ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ምን እንደጎዳው ማንም አይከራከርም፤ ሪኬትስ በጠብታ እንደሚቀርም ከ100 ዓመት ወዲህ የታወቀ ነው። በ2016 የዓለም የዘርፉ ሊቃውንት የተስማሙበት ምክርም ግልጽ ነው፤ ማንኛውም ሕፃን በመጀመሪያ ዓመቱ በየቀኑ 400 ዩኒት ያግኝ። ምክሩ የተሰጠው ለአጥንት ነው። አጥንቱ የጸና ልጅ የሳንባ ምች ሲመጣበት በሚችል ደረት ይቀበለዋል፤ ከዚህ በላይ ቃል መግባት ማጋነን ነው።

ወደ ለገጣፎ የሚመልሰው ጥናት የተሠራው አዳማ ላይ ነው። በ2015 የወጣው ይህ ጥናት ከ11 እስከ 18 ዓመት የሆኑ 174 ተማሪዎችን ደም መረመረ። ርዕሱ ውስጥ ያ የሀብተ ሥላሴ መፈክር ገብቷል፤ «የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር»። በጠቅላላው ከመቶ 42ቱ እጥረት ነበረባቸው። ሲከፋፈሉ ግን የከተማዎቹ ከመቶ 62 ገደማ፣ በዙሪያዋ ካለው ገጠር የመጡት ከመቶ 21 ገደማ ሆኑ። አንድ ሰማይ፣ አንድ ፀሐይ፣ የሰዓታት የእግር መንገድ ልዩነት። የሚለያቸው ቀኑን የት እንደሚያሳልፉትና ምን ያህሉ አካላቸው ብርሃን እንደሚያገኝ ነው። ዋርሶን ከገጠሩ ጋር ያስተያየው ሽኒያዴትስኪ ይህን ቢያይ አይደንቀውም ነበር።

አሁን ሱሉልታን ማሰብ ነው። ከእንጦጦ ማዶ ያለው ያ ቀዝቃዛ ሜዳ የሣርና የወተት አገር ነበር። የገበሬ ሚስት በወለደች በጥቂት ሳምንት ልጇን አዝላ ወደ ከብቶቿ ትወጣለች፤ ልጁ በጀርባዋ ላይ ሳለ ራሱና እግሩ ብርሃን ያገኛል። ይህ የተመቸ ኑሮ አልነበረም፤ ሥራው ያደክማል፣ ጤና ጣቢያው ይርቃል። ነገር ግን ደጁ ነበረ። ሰበታም በፋብሪካው፣ ቡራዩም በአምቦ መንገድ ዳር በተሠሩት ሰፈሮቹ፣ ለገጣፎም በለገዳዲ መንገድ በተሠለፉት ግቢዎቹ ያ ደጅ ወደ አጥር ተለወጠ። የገበሬው ልጅ መሬቱ ተወስዶ ተከራይ ሆነ፤ ወይም ከሩቅ አገር የመጣች ወጣት ፋብሪካ ተቀጥራ ሰርቪስ ተከራየች። ጠዋት በጨለማ ወጥታ ማታ ትገባለች። ስትወልድ እናቷ ሩቅ ናት፤ ልጁን ደጅ ይዞለት የሚቀመጥ ሰው የለም። በግቢው ውስጥ ፀሐይ የምታርፍበት ቦታ የባለቤቱ መኪና ማቆሚያ ወይም የሁሉም ልብስ ማስጫ ነው። ባህሉ ሳይለወጥ ቤቱ ተለወጠ፤ መጋረጃው ያው መጋረጃ ሆኖ ከበስተኋላው ያለው ሜዳ ጠፋ።

«ልጁን ፀሐይ አሙቂው» የሚለው ምክር በየጤና ጣቢያው ይሰጣል። መልካም ምክር ነው፤ ቋንቋችን ግን ያሳስተዋል። «ማሞቅ» ብለን ስለምንጠራው እናቲቱ ሙቀት የሚፈለግ ይመስላታል። ስለዚህ ሕፃኑን እስከ አንገቱ ጠቅልላ በመስኮት መስታወት በኩል በሚገባው ፀሐይ ታስቀምጠዋለች። ሞቀው፤ ፊቱም ቀላ። ቫይታሚን ዲን የሚሠራው ጨረር ግን በመስታወት አያልፍም፤ በጋቢም አያልፍም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያለችው ለስላሳ ፀሐይም ያ ጨረር እምብዛም የላትም። የሰው ጥላ ከቁመቱ ረዝሞ ሳለ ቆዳ የሚሠራው ጥቂት ነው። የቀትሯ ደግሞ የጨቅላ ቆዳ ታቃጥላለች። መካከሉን መምታት ለባለሙያም አይቀልም፤ የብዙ አገር የሕፃናት ሐኪሞች በፀሐይ ላይ ከመተማመን ጠብታውን የመረጡት ለዚህ ነው። እናትን «ፀሐይ አላሞቅሽውም» ብሎ መውቀስ ደግሞ ደጅ ለሌላት ሰው ደጅ ውጪ እንደማለት ነው።

ሙሉ በሙሉ ዝም ተብሏል ማለትም ፍትሐዊ አይሆንም። በ2014 ዓ.ም የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል። በሚገባ ከተሠራበት የእናቲቱን ስንቅ ያግዛል። ዘይት ግን ለአራት ወር ሕፃን አይደርሰውም። ቫይታሚን ኤ በዘመቻ እየተሰጠ በየቀበሌው ታውቋል፤ የእናት ልጅ የሆነው ዲ እንዲህ ያለ ዘመቻ የለውም። ቤት የሚሠራውም፣ የሚያፈርሰውም፣ የሚፈቅደውም አካል ስለ መኪና ማቆሚያ ሲከራከር ስለ ሕፃን ፀሐይ ሲከራከር አልተሰማም።

የመጀመሪያው የ45 ቀን ክትባት አንድ ዕድል ነው። በሰበታም በለገጣፎም ብዙ ሕፃን ከተወለደ ወዲህ ደጅ የሚያየው ያን ዕለት ነው። በዚያ ቀጠሮ ለሳንባ ምች መከላከያ ክትባቱን ይወጋል፤ ኢትዮጵያ ያን ክትባት ከ2011 ጀምሮ ትሰጣለች። ለፖሊዮም አፉን ከፍተው ሁለት ጠብታ ያንጠባጥቡለታል። እናቱ ከጋቢው ውስጥ ፊቱን ገልጣ የምትሰጠው ለዚያች አፍታ ነው፤ ከዚያ መልሳ ትሸፍነዋለች። ቫይታሚን ዲ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ በዚያች አፍታ በእጇ ልትገባ ትችል ነበር።